«ሲስተም የለም»፦ ከሐረር ሽቦ እስከ ደመናው

ልጅ ሆኜ ከተጂ ተነስተን ደብረ ሊባኖስ ለመሳለም ስንሄድ፣ አውቶቡሱ እንጦጦን ተሻግሮ ሱሉልታ ሲደርስ ፊቴን መስኮቱ ላይ ለጥፌ የምጠብቀው ነገር ነበር። ወደ ሰማይ የተከፈቱ ትልልቅ ነጫጭ ሳህኖች። እናቴን «ምንድን ናቸው?» ስላት «የቴሌ ናቸው፤ ውጭ አገር ያሉ ሰዎች ሲደውሉ በነሱ ነው የሚመጣው» አለችኝ። ሱሉልታ ጉም የሚወደው አገር ነው። እኔም የሰዎቹ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ እንደ ዝናብ እየወረደ ሳህኑ ላይ የሚጠራቀም ይመስለኝ ነበር።

ዓመታት አለፉና ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ሆነ። ደንበኛ ፊት ቁጭ ብዬ «መረጃችሁ ደመናው ላይ ነው የሚቀመጠው» ማለት ጀመርኩ። ይህን ባልኩ ቁጥር የሱሉልታ ጉም ትዝ ይለኛል፤ ደንበኛው የሚያስበው እኔ በልጅነቴ ያሰብኩትን መሆኑን ስለማውቅ። ከላይ ያለ፣ የማይነካ፣ የማይሰበር ነገር። እውነቱን ለመናገር ግን ደመና የሚባለው የሰው ኮምፒውተር ነው። ሌላ አገር፣ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተደረደረ፣ እኛ በወር የምንከራየው ኮምፒውተር። እኛና እሱን የሚያገናኘን ደግሞ በመሬትና በባሕር ውስጥ የተቀበረ ክር ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ክር ነው። ባንክ ሄዳችሁ፣ ወረፋ ጠብቃችሁ፣ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ የተመለሳችሁ ሰዎች ሁሉ ታሪኩ የእናንተም ነው። እኔን ግን ወደዚህ ታሪክ ያስገባኝ አንድ ሰማያዊ ደብተር ነው።

በ2011 ዓ.ም. ቡራዩ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ሶፍትዌር እንሠራ ነበር። ከደንበኞቻችን አንዱ ሰበታ የሚገኝ ትንሽ የግል ክሊኒክ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ሕመምተኞች በቋሚነት የሚከታተሉበት ቦታ ነበር። ካርድ እየጠፋ ስላስቸገራቸው የሕመምተኞች መዝገብ ሠራንላቸው። ሰርቨሩን ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ውስጥ ተከራየን። ክሊኒኩን በተግባር የሚያንቀሳቅሱት አንዲት አንጋፋ ነርስ ናቸው፤ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ነው የሚላቸው። እሳቸው ለዓመታት የቋሚ ሕመምተኞቻቸውን መድኃኒትና መጠን በሰማያዊ ደብተር ይመዘግቡ ነበር። ኮምፒውተሩ ከገባ በኋላም ሁለቱም ላይ መጻፋቸውን አላቆሙም።

አንድ ቀን «ሲስተር፣ ምን ያደክምዎታል? ደብተሩን ይተዉት እንጂ፤ ሁሉም ነገር ደመናው ላይ አለ» አልኳቸው።

«ደመናው ከዘነበስ?» አሉኝ እየሳቁ።

ሳቅን። ነገር ግን እየደጋገምኩ ስነግራቸው በ2012 ዓ.ም. የካቲት ላይ ደብተሩን አቆሙ። ልብ በሉ፣ ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ።

ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ ሰኔ 23 በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። የተዘጋውም ለአንድና ለሁለት ቀን አልነበረም፤ ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት ያህል ወሰደ። በከተሞቻችን ዙሪያ መንገድ ተዘጋ፤ ሰው ሞተ፤ ንብረት ወደመ። በእነዚያ ቀናት ስለ አንድ ሶፍትዌር ማውራት ነውር ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊኑን ለነገ አያሳድረውም።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ሲገኝ ሲስተር ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ያንተ ደመና እምቢ አለ» አሉኝ። በዚህኛው አልሳቁም። ከየካቲት በፊት የተመዘገቡትን ከሰማያዊው ደብተር እያወጡ እያስተናገዱ ነበር። ከየካቲት ወዲህ የመጡትና መድኃኒታቸው የተቀየረላቸው ግን ፍራንክፈርት ናቸው። ከመካከላቸው አንድ የእኔው አገር ሰው ነበሩ፤ ከተጂ አካባቢ በእግርም በጋሪም አድርገው ሰበታ የደረሱ አዛውንት። የኢንሱሊን መጠናቸው በግንቦት ተቀይሯል፤ ስንት እንደሆነ ግን አያስታውሱም። ሲስተር ሐኪሙን አማክረው ከዝቅተኛው መጠን ጀመሩላቸውና ዘመድ ቤት ሰበታ እንዲቆዩ አደረጓቸው፤ ጠዋት ጠዋት ስኳራቸውን እየለኩ። ሰውየው ደህና ሆኑ። እሳቸው ደህና ሆኑ ማለት ግን እኛ ደህና ሠርተናል ማለት አይደለም።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ መጀመሪያ የከፈትኩት የሰርቨሩን የክትትል ሪፖርት ነው። ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰርቨራችን የሠራው መቶ በመቶ ነው። አንዲት ደቂቃ አልወደቀም። ሪፖርቱ አልዋሸም። የተለካው ግን ከፍራንክፈርት ሆኖ ነው፤ ከሲስተር ወንበር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኋላ ማንበብ የጀመርኩት። እኛ ከመምጣታችን በፊት በዚህ አገር መልእክት ሲቆረጥ ሰዎች ምን ያደርጉ ነበር?

የአገራችን የረጅም ርቀት መስመር ታሪክ የሚጀምረው ከሐረር ነው። ከአዲስ አበባ ሐረር የሚደርሰው የስልክ መስመር ግንባታ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ተጀመረ። ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። እስቲ አስቡት፤ ተራራና በረሃ አቋርጦ በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሄድ አንድ ሽቦ። እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፣ ጎርፍ ይነቅለዋል፣ ሽቦው ደግሞ ብረት ነውና ለሚፈልገው ሰው ብዙ ጥቅም አለው። በእኛ ሙያ ቋንቋ አንድ ቦታ ሲበጠስ ሁሉም የሚቆምበት ነጥብ «ብቸኛ የመውደቂያ ነጥብ» ይባላል። የሐረር ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ብቸኛ የመውደቂያ ነጥብ ነበር።

ቤተ መንግሥቱ ግን ስልክ ገባ ብሎ መልእክተኛውን አላሰናበተም። በእግርና በበቅሎ የሚሄደው ሰው ሥራውን ቀጠለ። ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን የሚወድቀው በሌላ ምክንያት ነው። ሽቦውን የበላ ምስጥ በቅሎውን አይበላም። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የራሱን የቴሌግራፍ ሽቦ ይዞ መጣ። አገሪቱ ወደ ባሕር የምትናገርበት ሌላ መንገድ አገኘች ማለት ነው። ይህን ሳነብ ሲስተርን አሰብኳቸው። የምኒልክ ሰዎች ያልሠሩትን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ስልኩን አስገብቼ መልእክተኛውን አሰናበትኩ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተበጣጠሰውን መስመር መልሶ የመዘርጋቱ ሥራ ገንዘብ ይጠይቅ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1951 ለቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ የሚውል 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደርን። በቀጣዩ ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። በዚያ ዘመን ወደ ሩቅ አገር የሚደወለው በአጭር ሞገድ ራዲዮ ነበር። አጭር ሞገድ ደግሞ ከከባቢ አየሩ የላይኛው ንጣፍ ላይ እየነጠረ ነው የሚሄደው፤ ንጣፉ ቀንና ማታ ይለያያል፣ ፀሐይ ሲያስቆጣው ይረበሻል። በዚያን ጊዜ «ሲስተም የለም» የምትለን ፀሐይ ነበረች።

የሱሉልታው ጣቢያ የመጣው ለዚህ መልስ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979፣ በደርግ ጊዜ፣ የመጀመሪያው የሳተላይት ምድር ጣቢያችን ሱሉልታ ላይ ሥራ ጀመረ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው የቆመው። ድምፅ እዚያ ወጥቶ እስኪወርድ ሩብ ሰከንድ ያህል፣ መልሱ ደርሶ እስኪመለስ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ስናወራ «ሃሎ» እና «ሃሎ» የሚጋጩት፣ ሁለታችንም ዝም ብለን ሁለታችንም አንድ ላይ የምንጀምረው ለዚህ ነበር። ሳህኑ ከፀሐይ ጠባይ ገላገለን። በምትኩ ደግሞ የአንድ ትልቅ አገር አብዛኛው የውጭ ድምፅ በአንድ ግቢ በኩል እንዲያልፍ አደረገ። እናቴ «በነሱ ነው የሚመጣው» ስትል ትልቅ ነገር ነው የተናገረችው፤ እኔ ነኝ ያልገባኝ።

ከዚያ ቀደም ብሎ በሌላው ዓለም ተቃራኒው እየታሰበ ነበር። ፖል ባራን የተባለ መሐንዲስ አሜሪካ ውስጥ ራንድ በሚባለው ተቋም ሆኖ፣ በኒውክሌር ጥቃት ጊዜ እንኳ የማይቆም መገናኛ እንዴት ይሠራል የሚለውን ሲያጠና ከረመ። እ.ኤ.አ. በ1964 ያሳተመው መልስ ቀላል ነበር። ማዕከል አይኑረው። እንደ ዓሣ መረብ ይሁን፤ መልእክቱ በትንንሽ ተቆራርጦ እያንዳንዱ ቁራጭ ያልተበጠሰውን መንገድ ራሱ ይፈልግ። በ1969 የጀመረው አርፓኔት መልእክትን ቆራርጦ የመላክን ዘዴ ተጠቀመ፤ ኢንተርኔትም ከዚያ ወጣ። ይሁንና መረብ መረብ የሚሆነው ብዙ ክር ሲኖረው ነው። እኛ ጋ ሲደርስ መረቡ እንደገና አንድ ክር ሆነ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት በይፋ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1997 ነው። ከዚያ በፊት ግን ኢሜይል ነበር! እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ ክፍል ፊዶኔት በሚባል ዘዴ ኢሜይል ያመላልስ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ቀኑን ሙሉ የተጻፈው ደብዳቤ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጠራቀማል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በተራ የስልክ መስመር ውጭ አገር ይደውላል፣ የተጠራቀመውን አራግፎ ለኛ የመጣውን ይቀበልና ይዘጋል። መስመሩ ካልሠራ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይሞክራል። ማንም «ሲስተም የለም» አይባልም፤ ደብዳቤህን ትጽፋለህ፣ መንገድ ሲገኝ ይሄዳል።

ይህን አነበብኩና ኮምፒውተሬን ዘጋሁ። ለክሊኒኩ መሥራት የነበረብን ይህን ነበር። ከእኔ መወለድ ጋር በሚቀራረብ ጊዜ እዚሁ ከተማ ውስጥ ተሠርቷል።

አሁን ስላለንበት ዘመን እንነጋገር። ኢትዮጵያ ወደብ የላትምና የባሕር ውስጥ ኬብል በቀጥታ አይደርሳትም። የኛ ፋይበር በጎረቤት አገሮች በኩል፣ በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ አድርጎ ነው ባሕር የሚገባው። ሦስት በር አለን ማለት ነው። ሦስት በር ደግሞ ከአንድ የሱሉልታ ግቢ ይሻላል። ነገር ግን በሮቹ ተቆጥረው ብቻ አያልቅም፤ ከበሩ ወዲያ መንገዱ ወዴት ያመራል ተብሎም መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ሩቢማር የተባለች የጭነት መርከብ ቀይ ባሕር አካባቢ በሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቿ ጥለዋት ሲወጡ መልሕቋን እየጎተተች ስትንሳፈፍ ቆየችና ሦስት የባሕር ኬብሎች እንደቆረጠች ይታመናል። ሦስት የተለያየ ስም፣ ሦስት የተለያየ ባለቤት፤ ነገር ግን አንድ ጠባብ ባሕር፣ አንድ መልሕቅ።

ነገሩ እዚሁ ሰፈራችንም አለ። ቢሯችን ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ያስገባ ጊዜ ኮርተን ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ መንገድ ሲቆፈር ሁለቱም በአንድ ቀን ጠፉ። ለካ ሁለቱም በአንድ ቦይ ውስጥ ነው የተቀበሩት። አንድ ቦይ ውስጥ ያሉ ሁለት ሽቦዎች በአካፋ ዓይን አንድ ናቸው።

እስቲ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፤ አትፍሩ፣ የሰባተኛ ክፍል ነው። አንድ ሰርቨር «99.9 በመቶ ይሠራል» ሲባል በዓመት ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ያህል ይወድቃል ማለት ነው። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲስተር የአንድ ሕመምተኛ ካርድ ለመክፈት መብራት ያስፈልጋቸዋል፣ ራውተር ያስፈልጋቸዋል፣ ከሰበታ አዲስ አበባ ያለው መስመር፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ያለው መስመር፣ መጨረሻ ላይ ሰርቨሩ። አምስት ነገር። እያንዳንዱ 99 በመቶ ይሠራል እንበል። አምስቱ ሲባዙ 95 በመቶ ገደማ ይመጣል። ከዓመቱ አሥራ ስምንት ቀን ያህል ካርዱ አይከፈትም ማለት ነው፤ አንዱም ክፍል «መጥፎ» ሳይሆን። በሌላ በኩል በእርግጥ የተለያዩ ሁለት መንገዶች ካሉና እያንዳንዳቸው 99 በመቶ ከሠሩ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚወድቁት ከአሥር ሺህ አንዴ ነው። የሒሳቡ ቁልፍ ያለው «በእርግጥ የተለያዩ» የሚለው ላይ ነው። ቦዩ አንድ ከሆነ ሒሳቡ ተረት ነው።

ይህ ነገር በእንግሊዝኛው «ሪዚሊየንስ» ይባላል። በአማርኛ «አይበገሬነት» ተብሎ ይተረጎማል፤ በሪፖርት ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ቃሉ ግን አይመቸኝም። አይበገሬ የማይሸነፍ፣ የማይወድቅ ነው። በሙያችን የማይወድቅ ነገር የለም። የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ሲወድቅ ማን ይጎዳል? በስንት ጊዜ ይነሳል? ሲነሳስ ምን ጎድሎበት ይነሳል? ስለዚህ እኔ «ወድቆ መነሳት» ብዬ ነው የምጠራው።

ፈተናው ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛ፣ ይህ ሥራ ሳይሠራ ስንት ሰዓት መቆየት ይችላል? ሁለተኛ፣ ሲመለስ የስንት ሰዓት መዝገብ ቢጠፋ እንችለዋለን? ትልልቅ ኩባንያዎች እነዚህን ጥያቄዎች ለእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ይጽፋሉ፣ ከዚያም ያላቸውን ሲስተም ከመልሱ ጋር ያመዛዝናሉ። እኔና ሲስተርም በ2013 ዓ.ም. መስከረም ላይ በአንድ ከሰዓት ጻፍነው። የመድኃኒት መጠን፦ አምስት ደቂቃ፤ አንድም መስመር መጥፋት የለበትም። ሒሳብ፦ ሁለት ቀን መቆየት ይችላል፣ ደረሰኝ አለ። ወርሃዊ ሪፖርት፦ ሳምንትም ቢቆይ ማንም አይሞትም። ወረቀቱን ሳየው አፈርኩ። ሦስቱንም አንድ ቦታ፣ አንድ ዓይነት ጥበቃ አድርገን ነበር ያስቀመጥናቸው። የሪፖርቱ ግራፍ ግን በጣም ቆንጆ ነበር።

እሺ፣ ጻፍነው። የተጻፈው እንደሚሠራ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ የኔትፍሊክስ ታሪክ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2008 ኔትፍሊክስ ገና ዲቪዲ በፖስታ የሚያከራይ ድርጅት ሳለ የመረጃ ቋቱ ተበላሸና ለሦስት ቀን ዲቪዲ መላክ አቃተው። ከዚያ በኋላ ወደ ደመና መሸጋገር ጀመረ፤ ሽግግሩም ሰባት ዓመት ያህል ፈጀ። በመሐል መሐንዲሶቹ አንድ እብድ የሚመስል ፕሮግራም ጻፉ፤ «ኬዮስ መንኪ» አሉት፣ በጥባጩ ጦጣ እንደ ማለት። ሥራው በሥራ ሰዓት እየዞረ የራሳቸውን ሰርቨሮች በዘፈቀደ ማጥፋት ነው። ሀሳቡ ማሳ ጠባቂ ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይደለም፤ አጥሩ የት እንደሚሳሳ ከጦጣ በላይ የሚያውቅ የለም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በድንገት ከመማር ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው ቢሮ እያለ መማር ይሻላል ነው ነገሩ።

እኛም የራሳችንን ጦጣ አመጣን። ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር አስቀመጥንና የመዝገቡን ሙሉ ቅጂ ቆልፈን ጫንበት። ሲስተር የሚጽፉት መጀመሪያ እዚያ ላይ ያርፋል፤ መስመር ሲገኝ ወደ ፍራንክፈርት ይሄዳል፤ ልክ እንደ ፊዶኔት። ከዚያ በየወሩ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እኔ ሰበታ ሄጄ የኢንተርኔቱን ገመድ እነቅላለሁ ተባባልን።

የመጀመሪያው ማክሰኞ ገመዱን ነቀልኩ። መዝገቡ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከሲስተር ወንበር በሁለት ሜትር ርቀት ላይ አለ። ሲስተር የይለፍ ቃላቸውን አስገቡ። ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረና «መገናኘት አልተቻለም» አለ። ቅጂውን አምጥተን የበሩን ቁልፍ ፍራንክፈርት ትተነው ነበር! የሰውን ማንነት የሚያረጋግጠው ክፍል ጀርመን ነው ያለው። ሲስተር በመነጽራቸው በላይ አዩኝ፤ ምንም አላሉም።

ትንሽ ያጽናናኝ እኛ ብቻ አለመሆናችን ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትሳፕ በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የውስጥ መስመራቸውን በሙሉ አቋረጠው። ጥገናው የዘገየው ደግሞ መሐንዲሶቹ የሚጠግኑበት መሣሪያም በዚያው በተቋረጠው መስመር ላይ የተመሠረተ ስለነበር ነው። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም «ሲስተም የለም» ሁልጊዜ ትልቁ አደጋ አይደለም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያጋጠመውን ታስታውሳላችሁ። ሲስተሙ አልጠፋም፤ ነበረ። ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ለጠየቁ ሰዎችም ይሰጥ ነበር። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች በቴሌግራም ተሰራጨና ኤቲኤሞች ፊት ሰልፍ ተያዘ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው ችግሩ የመጣው ከሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር ተያይዞ እንጂ ከሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ የወጣው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን ለማስመለስ የተኬደበትን መንገድ፣ በቅርንጫፎች የተለጠፉትን ስሞች ጭምር አይተናል። ለእኔ ትምህርቱ ይህ ነው፦ የሚሠራ ሲስተምና ትክክል የሚሠራ ሲስተም አንድ አይደሉም። ለሲስተር «ካርዱ አልተከፈተም» ከማለት «የተሳሳተ መጠን አሳየ» ማለት ይብሳል። አልከፈት ካለ ደብተር ይመጣል፤ ተሳስቶ ካሳየ ግን ማንም ደብተር አያመጣም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ ጨመርን። በክሊኒኩና በፍራንክፈርት ያሉት ሁለቱ ቅጂዎች በአንድ ሰው መጠን ላይ ካልተስማሙ፣ ኮምፒውተሩ አንዱን መርጦ አያሳይም። ሁለቱንም ከነቀናቸው አሳይቶ «ሲስተር፣ ይፍረዱ» ይላል።

ሁለተኛው ማክሰኞ መግቢያው ተስተካክሎ ነበር፤ በሦስተኛው ማተሚያው ችግር ፈጠረ። በአራተኛው ማክሰኞ መብራት ራሱ ጠፋና ገመድ መንቀል ሳያስፈልገኝ ቀረ። በእያንዳንዱ ማክሰኞ አንድ ነገር እንማራለን፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽና የሚያሳፍር ነገር። ከእነዚህ ማክሰኞዎች አንዱ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር የሰማያዊው ደብተር ቦታ ነው። ደብተሩ ተመልሷል። አሁን ግን በእኔ ቸልታ የተረፈ ነገር አይደለም፤ የዕቅዱ አንድ ገጽ ነው። ማን ይጽፍበታል፣ መቼ፣ የትኛው መሳቢያ ውስጥ ይቆለፋል፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው የሚለው ሁሉ ተጽፏል። የማይሞላ ባትሪ ነው፤ መብራት አይፈልግም፣ ጅቡቲ አያልፍም።

ሱሉልታን አሁንም አልፎ አልፎ አልፋለሁ። ቢሾፍቱና አዳማ እንደሚሄድ ሰው ዓይኔን ጨፍኜ ሙዚቃ አላዳምጥም፤ ሳህኖቹ ጋ ስንደርስ ቀና ብዬ አያለሁ። ያ ግቢ ለዓመታት አገሪቱ ከዓለም ጋር የተገናኘችበት ዋና ማሰሪያ እንደነበር ሳስብ፣ በየቀኑ እዚያ ገብተው መሣሪያውን ይጠብቁ የነበሩ ቴክኒሺያኖች ይታሰቡኛል። ስማቸውን አላውቅም። እናቴ ስልክ በደወለች ቁጥር ግን እነሱ ነቅተው ነበር።

የተጂው አዛውንት አሁንም ክሊኒኩን ይከታተላሉ። ባለፈው አንድ ማክሰኞ፣ ገመዱ ተነቅሎ ሁላችንም ኮምፒውተሩን ተሰብስበን እያየን ሳለ ገቡ። ሲስተር ገና ስማቸውን መጻፍ ሳይጀምሩ ሰውየው ካፖርታቸውን ከፈት አድርገው ከውስጥ ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለች ትንሽ ካርድ አወጡ። የጠዋት መጠን፣ የማታ መጠን፣ ቀን፣ የሲስተር ፊርማ። ሲስተር ራሳቸው ናቸው ጽፈው የሰጧቸው፤ ለሁሉም ቋሚ ሕመምተኞች እንደዚያ ማድረግ ጀምረው ነበር፣ እኔን ሳይጠይቁ።

ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር አመሳከርን። አንድ ነው።

«ይኸው» አሉኝ አዛውንቱ፣ «የእኔው ደግሞ እዚህ ነው ያለው።» ካርዱን መልሰው ጠቀለሉና ኪሳቸው ከተቱት።

እኔም ወረቀቱን አወጣሁና በዕቅዱ ላይ ሦስተኛ ቅጂ ብዬ መዘገብኩት።